«እኔ ጋ እኮ ይሠራል!»

ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አሉ። የዚህን አገር የ«ዲጂታል» ጉዞ ከነሪፖርቱ፣ ከነፓወር ፖይንቱ ጠቅልለው ይይዙታል። አንደኛው ባንክ ቤት መስኮት ላይ የሚነገረው ነው፤ «ሲስተም የለም»። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አይሰማውም። የሚለው ቦሌ ወይም መገናኛ ካለ ፎቅ ላይ፣ ማኪያቶው አጠገብ ላፕቶፑን የዘረጋ ፕሮግራመር ነው፤ «እኔ ጋ እኮ ይሠራል!»። እኛ ደግሞ እነዚህ ሁለቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ናቸው እንላለን። «እኔ ጋ ይሠራል» ተብሎ የተለቀቀ ነገር ሁሉ ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ ጣርማበር ላይ ወደ መንዝ ታጥፎ፣ መሐል ሜዳ ሲደርስ «ሲስተም የለም» ይሆናል።

ለምን መሐል ሜዳ? ከመካከላችን የዚያ አገር ሰው ስላለ ነው ብላችሁ ካማችሁን አንከራከርም። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ከባሕር ጠለል ከ3000 ሜትር በላይ የተቀመጠች፣ ብርዷ አጥንት የሚቆረጥም ከተማ ናት። በግ ይሸጥባታል፣ ደመወዝ ይጠበቅባታል፣ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይላክባታል፣ ከልጅም ገንዘብ ይላክባታል። የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዛኛው የሚኖረው እንደዚች ባሉ ከተሞችና በዙሪያቸው ነው። ስለዚህ «ተጠቃሚ» የሚባለው ሰው የት እንዳለ ከጠየቃችሁን፣ ቦሌ አይደለም ያለው።

ከመካከላችን ኮድ የሚጽፉም አሉ፣ ኮድ ሲባል የበር ቁጥር የሚመስላቸውም አሉ (ስም አንጠራም፣ ራሱን ያውቃል)። ለኋለኞቹ ስንል ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። ኤፒአይ የሚባለው አንዱ ፕሮግራም ሌላውን የሚጠይቅበት መስኮት ነው። ስልካችሁ ላይ ያለው የባንክ መተግበሪያ ገንዘብ አይቆጥርም። ሩቅ ወዳለው ሰርቨር መስኮት ሄዶ «ይህ ሰው ስንት አለው?»፣ «ከዚህ ላይ 1500 ብር ቀንሰህ ለዚያኛው ስጥ» እያለ ይጠይቃል፤ መልሱን ይዞ ይመጣል። መስኮቱን የሚሠራው ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚሞክረው በገዛ ላፕቶፑ ላይ ነው። አድራሻው 127.0.0.1 ነው፤ ሎካልሆስት ይሉታል። ኮምፒዩተሩ ራሱን የሚጠራበት ቁጥር ማለት ነው። እዚያ ጠያቂውም ላፕቶፑ ነው፣ መላሹም ላፕቶፑ ነው። ራሱን ጠይቆ ለራሱ የሚመልስ ሰው መልስ ሲያጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

በላፕቶፕ መሞከር ኃጢአት ነው አላልንም። የግድ ነው። የማንስማማው እዚያ ላይ በሚያበቃው ሙከራ ነው። ልጁ ፖስትማንን ይከፍታል፣ ጥያቄውን ይልካል፣ አረንጓዴ 200 ይመጣለታል፣ ለአለቃው «አልቋል» ይላል። አለቃው ለደንበኛው፣ ደንበኛው ለሚኒስትሩ «አልቋል» ይላሉ። ሚኒስትሩ ሪባን ይቆርጣሉ። እስከዚህ ድረስ ከሎካልሆስት ውጭ የወጣ ማንም የለም።

አሁን አንድ ነገር እናስብ። መሐል ሜዳ ገበያ ላይ በግ የሸጡ አንዲት እናት ዩኒቨርሲቲ ላለው ልጃቸው 1500 ብር ሊልኩ ነው። «ላክ» የሚለውን ይጫናሉ። ጥያቄው እየተንገዳገደም ቢሆን አዲስ አበባ ይደርሳል። ሰርቨሩ 1500 ብሩን ቀንሶ ለልጁ ያስገባል። መልሱ በመንገድ ላይ እያለ ኔትወርኩ ይቆረጣል። ስልኩ ላይ የሚታየው ምንድን ነው? «አልተሳካም፤ እባክዎ እንደገና ይሞክሩ።» እናት ታዛዥ ናቸው፣ እንደገና ይሞክራሉ። ሰርቨሩ ሁለተኛውን ጥያቄ እንደ አዲስ ይቀበላል፣ ሌላ 1500 ይቀንሳል። አንድ በግ ሸጠው የሁለት በግ ላኩ። አቤቱታ ለማቅረብ ሲሄዱ ደግሞ መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ «ሁለት ጊዜ የላኩት እኮ እርስዎ ነዎት» ይላቸዋል። እውነቱን ነው፤ ሲስተሙ ላይ የሚታየው እሱ ነው።

ይህ ስሕተት ሎካልሆስት ላይ አንድም ቀን አይታይም። ላፕቶፑ ለራሱ የሚልከው መልስ የሚጠፋበት መንገድ የለም። ጥያቄ ደርሶ መልስ ብቻ የሚቀርበት ሁኔታ የሚፈጠረው እውነተኛ አየር፣ እውነተኛ ተራራ፣ እውነተኛ የመብራት መቆራረጥ ሲኖር ነው። መፍትሔው ግን የጠፈር ሳይንስ አይደለም። ስልኩ የመጀመሪያውን ጥያቄ ከመላኩ በፊት ለዚያች ዝውውር የማይደገም ቁጥር ይሰጣታል። ሲደግም ያንኑ ቁጥር ይዞ ይሄዳል። ሰርቨሩ መዝገቡን አይቶ «ይችን ሠርቻታለሁ፣ ደረሰኟ ይኸውና» ይላል እንጂ ዳግም አይቀንስም። የሰፈር ባለሱቅ ዱቤ ደብተሩን ገልጦ «ይሄንን ጽፌዋለሁ» እንደሚለው ማለት ነው። ባለሱቁ ኮምፒዩተር ሳይንስ አልተማረም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ እንጨምር፤ ቁጥሩ የሚመዘገበውና ገንዘቡ የሚቀነሰው በአንድ ጊዜ፣ በአንድ የዳታቤዝ እርምጃ መሆን አለበት። አለዚያ ሁለት ጥያቄዎች እኩል ሲደርሱ ሁለቱም «ገና አልተሠራም» ተብለው ያልፋሉ።

የክፍያ ድርጅቶች ለፕሮግራመሮች የሙከራ ቁልፍ ይሰጣሉ። በዚያ ቁልፍ የምትከፍሉት ብር የውሸት ብር ነው፤ እንደፈለጋችሁ ትረጩታላችሁ። ጥሩ ነገር ነው። ግን የሙከራው ሜዳ ሁልጊዜ ፀሐይ ነው፤ ጥያቄ ትልካላችሁ፣ «ተሳክቷል» ይመጣል። መሐል ሜዳ ደግሞ ሌላ ሜዳ ነው።

ስለ ፍጥነትም እናውራ። ስልክ ከሰርቨር ጋር አስተማማኝ ግንኙነት ለመክፈት ገና ዋናውን ጥያቄ ሳይጠይቅ ሦስት አራት ጊዜ ይመላለሳል። አድራሻ ይጠይቃል፣ ሰላምታ ይለዋወጣል፣ ቁልፍ ይለዋወጣል። ሎካልሆስት ላይ ይህ ሁሉ ከዓይን ጥቅሻ ያነሰ ነው። አንዱ ምልልስ ወደ አንድ ሴኮንድ በሚጠጋበት ደካማ መስመር ላይ ግን ሰላምታው ብቻ ሦስት አራት ሴኮንድ ይበላል። መተግበሪያው አንዱን ገጽ ለመክፈት አሥር ኤፒአይ እየተራ የሚጠራ ከሆነ (አሉ!) ገጹ ሳይከፈት ቡና ይፈላል። ፕሮግራመሩ ደግሞ «ከአሥር ሴኮንድ በላይ ከቆየ አቋርጥ» ብሎ ጽፏል፤ ለእሱ አሥር ሴኮንድ ዘላለም ነው። ለመንዝ ሰው ሰላም ብሎ የቤተሰብ ጤና ለመጠየቅ እንኳ አይበቃም።

ከሁሉ የሚያስቀን ግን የፊደሉ ጉዳይ ነው፤ የሚያስለቅሰንም እሱ። የከተማዋን ስም እስቲ ጻፉ። መሐል ሜዳ? መሀል ሜዳ? መኃል ሜዳ? መሃል ሜዳ? መሀልሜዳ፣ ተቀጥሎ? ለእኛ ሁሉም አንድ ከተማ ናቸው። ለኮምፒዩተሩ አምስት ከተሞች ናቸው። ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ ለጆሯችን አንድ ቢሆኑም ለዳታቤዙ ባዳዎች ናቸው። «ጸሐይ» ተብላ የተመዘገበች ሴት «ፀሀይ» ብላ ስትፈልግ «እንዲህ ያለ ሰው የለም» ይላታል። አለች እኮ! መስኮቱ ላይ ቆማለች! ተመሳሳይ ድምፆችን ወደ አንድ አምጥቶ የሚፈልግ ጥቂት መስመር ኮድ ይበቃ ነበር። ፕሮግራመሩ ግን ሲሞክር ያስገባው ስም «ቴስት ቴስት» ነው፤ እሱም በላቲን።

አንድ የግእዝ ፊደል በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ ሦስት ባይት ይወስዳል፤ የላቲኑ አንድ። ስም ማስቀመጫውን በሠላሳ ባይት የለካ ሰው ለአበበ በላቲን ሠላሳ ፊደል ሰጥቶታል፤ በአማርኛ ግን አሥር። ከዚያ በኋላ ረዘም ያለ ስም መካከሉ ላይ ይቆረጣል። የጽሑፍ መልእክትም እንዲሁ ነው፤ በላቲን 160 ፊደል የሚይዘው አንዱ መልእክት በአማርኛ 70 ብቻ ይይዛል። «ውድ ደንበኛችን» ብሎ ሲያሞግሰን ከርሞ ዋናው ነገር፣ ማለትም ስንት ብር እንደቀረን፣ ሁለተኛው መልእክት ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው መልእክት ደግሞ ነገ ይደርሳል።

ቀኑስ? የዓለም አቀፉን ሰዓት ይዞ የሚሄድ ሰርቨር ቀን የሚቀይረው በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የከፈላችሁት በእሱ መዝገብ የትናንት ነው። 13ኛ ወር የሚባል ነገር መኖሩን የማያውቅ ቅጽ ደግሞ ጳጉሜ የተወለደን ሰው አልተወለድክም ይለዋል። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 የተወለደ ሕፃን ለአንዳንዱ ሲስተም ገና ማኅፀን ውስጥ ነው። ሳፋሪኮም በ2015 መጀመሪያ አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ በኋላም ስልክ ቁጥር በ09 ብቻ ይጀምራል ብለው በ07 የሚጀምረውን «የተሳሳተ ቁጥር» የሚሉ ቅጾችን በዓይናችን አይተናል። እነዚህን ለማወቅ ሲሊኮን ቫሊ መሄድ አያስፈልግም። ኢትዮጵያ ውስጥ መኖር ይበቃ ነበር፤ ልጆቹም እኮ እዚሁ ነው የሚኖሩት። ነገር ግን ላፕቶፑ ሲከፈት አገራቸውን ይረሳሉ፤ የተማሩበት ቪዲዮ ውስጥ ጳጉሜ የለማ።

«ይህ ሁሉ የጥቃቅን ስሕተት ጣጣ ነው» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እሺ፣ ትልቁን እናንሣ። መጋቢት 7 ቀን 2016፣ ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በስልክ መልእክት ተዛመተ፤ ተማሪው ከመኝታው ተነሥቶ ኤቲኤም ላይ ተሰለፈ። ባንኩ ያለአግባብ ወጣ ያለው ገንዘብ ወደ 801 ሚሊዮን ብር ነው። ብሔራዊ ባንክ ነገሩ የተፈጠረው በጥገናና በፍተሻ ሥራ ላይ ነው አለ። የሳይበር ጥቃት አይደለም ተባለ። ማንም አልሰበረንም፤ ራሳችን ነን ማለት ነው።

ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን «መልሱ» ብለው ማስታወቂያ ለጠፉ። አብዛኛው ገንዘብ ተመለሰ። ያልመለሱ ከ500 በላይ ሰዎች ስምና ፎቶ በየቅርንጫፉ ተለጠፈ። የራስ ያልሆነ ገንዘብ መውሰድ ሌብነት ነው፤ ተማሪም ቢሆን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ማሽኑ ራሱ ቢሰጥም። በዚህ አንደራደርም። ግን እኛ ግድግዳው ላይ ሌላም ወረቀት ፈልገናል። የትኛው ለውጥ ነው በዚያች ሌሊት የገባው? ከመግባቱ በፊት እውነተኛውን በሚመስል የሙከራ ሲስተም ላይ ተሞክሮ ነበር? ለአንድ ቅርንጫፍ ብቻ ተለቅቆ ታይቶ ነበር ወይስ ለአገር በሙሉ በአንዴ? ሒሳብ ከዜሮ በታች ሲወርድ የሚጮኽ ደወል ነበር? ከጮኸስ ማን ተኝቶ ነበር? ይህን የሚመልስ የቴክኒክ ዘገባ እስከ ዛሬ አላነበብንም። የደንበኛ ፎቶ ግን አይተናል።

ፈረንጅም ይሳሳታል፤ ይህን ለማለት ፈረንጅ አናመልክም። ኦገስት 1 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. ናይት ካፒታል የተባለ የአሜሪካ የአክሲዮን ድርጅት አዲስ ኮድ ከስምንት ሰርቨሮቹ በሰባቱ ላይ ጭኖ አንዱን ረሳ። በተረሳው ሰርቨር ላይ የነበረው አሮጌ ኮድ ነቅቶ ያለ ልጓም መግዛትና መሸጥ ጀመረ። በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጠፋ፤ ድርጅቱም ብዙ ሳይቆይ በሌላ ተጠቀለለ። ጁላይ 19 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ክራውድስትራይክ አንድ የተበላሸ ማሻሻያ ለዓለም በሙሉ በአንዴ ለቀቀ፤ 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች ወደቁ፣ አውሮፕላን ቆመ፣ ሆስፒታል ተደናገረ። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ክራውድስትራይክ በሳምንታት ውስጥ የትኛው ፋይል፣ የትኛው ፍተሻ እንዴት እንዳመለጠው ጽፎ ለዓለም አወጣ፤ ከእንግዲህም ማሻሻያ የሚለቀው በደረጃ፣ ለጥቂቶች አስቀድሞ እንደሚሆን ተናገረ። የእኛዎቹ «ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» ብለው ያልፋሉ። «መጉላላት»! አድራጊ የሌለው ግሥ የምንወድ ሕዝብ ነን።

«ጊዜ የለንም፣ ደንበኛው ቸኩሏል» ይሉናል ፕሮግራመሮቹ። ለዚህ እናዝናለን፤ እውነትነት አለው። የምረቃው ቀን የሚወሰነው ሥራው ሲያልቅ አይደለም፤ አዳራሹ ሲገኝ ነው። ኬኩ ታዝዟል፣ ቲሸርቱ ታትሟል፣ ቴሌቪዥኑ ተጠርቷል። በዚያ ላይ ዓርብ ማታ ለቅቆ ቅዳሜ ስልክ ማጥፋት ልማድ ሆኗል። ግን «መሣሪያ የለንም» እንዳትሉን። መጥፎ ኔትወርክን ላፕቶፕ ላይ አስመስሎ መፍጠር በነፃ ይገኛል፤ የሊኑክስ ኮምፒዩተር እያንዳንዱን ምልልስ አንድ ሴኮንድ እንዲያዘገይ፣ ከመቶው አምስቱን እንዲጥል በአንድ መስመር ትእዛዝ ይታዘዛል። የኢንተርኔት ማሰሻችሁም ፍጥነትን የሚቀንስ ቁልፍ አለው። አንዷን ቀን መንዝን ቢሮአችሁ ድረስ አምጡት። ሰርቨሩ ቀንሶ መልስ ሳይሰጥ ገመዱን ንቀሉት፤ ምን እንደሚሆን እዩ። ስሙን በአራት አጻጻፍ ጻፉ። ጳጉሜ 6 አስገቡ። ነፃ ነው!

ሁለተኛው መከራከሪያ ከበድ ይላል። «መሐል ሜዳ ላይ ኢንተርኔቱን ያጠፋነው እኛ አይደለንም» ይላሉ። እውነት ነው። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር። ጦርነት ባለበት አገር ስለ ቴስትና ስለ ስቴጂንግ ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ካለ እንረዳዋለን። ግን ከዚያ በፊትም በ2012 ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔቱ ከአገር በሙሉ ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፍቷል፤ ለፈተናም ሲባል ጠፍቷል። እዚህ አገር የኢንተርኔት መጥፋት ድንገተኛ አደጋ አይደለም፤ እንደ ክረምት የሚጠበቅ ነው። ክረምት መኖሩን እያወቀ ጣሪያ የሌለው ቤት የሚሠራ አናጢ ዝናቡን ሊከስ አይችልም። በ2013 ግንቦት ላይ የጀመረው ቴሌብር ስማርት ስልክ ለሌለው፣ ዳታ ለሌለው ሰው በ*127# በኩል መንገድ ትቶለታል። ሌላው ግን «መተግበሪያችንን ያውርዱ» ይላል። በምን ያውርዱ?

አጥፊው መንግሥትም ከዚህ አያመልጥም። በአንድ እጅ «ዲጂታል ኢትዮጵያ» እያሉ፣ ያለ ወረቀት፣ ያለ ጥሬ ገንዘብ እያሉ፣ በሌላው እጅ ማብሪያ ማጥፊያውን መያዝ አይሆንም። ጥሬ ገንዘብን ከሰው እጅ አስወጥታችሁ ስታበቁ መስመሩን ስትዘጉ፣ የዘጋችሁት ፌስቡክን ብቻ አይደለም።

መንዞች ስለ መክፈትና ስለ መዝጋት ከማናችንም በላይ ያውቃሉ። ከመሐል ሜዳ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ጓሳ ለመቶዎች ዓመታት የቆየ የጋራ ሕግ ነበረው። ሳሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ የሚሆን ነው፤ ሕዝቡ በመረጣቸው አለቆች እየተጠበቀ ለበርካታ ዓመታት ተዘግቶ ይከርማል። ሲደርስ ታይቶ፣ ቀኑ ለሁሉም ተነግሮ ይከፈታል። ሳይደርስ የገባ ይቀጣል። ያ ሥርዓት እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ሠርቷል፤ ዛሬም ጓሳ በማኅበረሰቡ ጥበቃ ሥር ነው። እዚያ «ደርሷል» የሚለው ሰው በሳሩ የሚኖር ሰው ነበር። አለቃውም ካጠፋ ጎረቤቱ ቤቱን ያውቀዋል። እኛ ጋ «ደርሷል» የሚለው ጨረታውን ያሸነፈው ነው፤ ቤቱን ማንም አያውቅም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ትንሽ ነው። የሕዝብ ገንዘብ ወይም የሕዝብ ስም የሚነካ ኤፒአይ ወደ እውነተኛው ሥራ ከመግባቱ በፊት የት፣ በምን ዓይነት መስመር፣ በማን ስልክ እንደተሞከረ ይጻፍ። ሲለቀቅ በአንድ ወረዳ ይጀምር፤ ከተበላሸም በደቂቃ ወደ አሮጌው የሚመለስበት መንገድ አስቀድሞ ይሞከር። ሲወድቅ ዘገባው የደንበኞቹ ፎቶ የተለጠፈበት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ከሪባኑ በፊት ደግሞ ኮዱን የጻፈው ልጅና ክፍያውን የፈረመው አለቃ አውቶቡስ ተሳፍረው መሐል ሜዳ ይውረዱ፤ በገበያ ቀን፣ ገንዘብ ከሚያስገባው ወኪል አጠገብ ግማሽ ቀን ይቁሙ። ጃኬት ያዙ። ቦሌ ላይ የምትለብሷት ግን አትበቃም፤ እዚያ ደርሳችሁ በርኖስ መግዛታችሁ አይቀርም። ሻጩ ዋጋውን በስልክ ላኩልኝ ካላችሁ ደግሞ ያንኑ የሠራችሁትን መተግበሪያ ክፈቱና ላኩለት።